ለወመዘክር፦ ልብ ወለዴን ተቀብላችኋል፣ ስክሪፕቶቼንስ?

ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ሁላችንም ወመዘክር ለምንለው ቤት

ጤና ይስጥልኝ።

የመጀመሪያ ልብ ወለዴ ከማተሚያ ቤት የወጣ ሰሞን ኮፒዎቹን በፌስታል አንጠልጥዬ እናንተ ጋ መጥቼ ነበር። የተቀበለችኝ ልጅ መጽሐፉን ገልበጥ አድርጋ ጀርባው ላይ ያለውን ፎቶ አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች፣ "እርስዎ ነዎት አይደል?" አለችኝ፣ አዎ አልኳት፣ መዝገብ ላይ አስፈረመችኝ፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ከግቢ ወጥቼ ታክሲ እስክይዝ እያለቀስኩ ነበር፣ ረዳቱ ራሱ "ማዘር ሰላም ነው?" እስኪለኝ ድረስ (ማዘር ያለኝን ይቅር ብዬዋለሁ)።

ለምን እንዳለቀስኩ ለራሴም የገባኝ ማታ ቤት ገብቼ ነው። አስራ አምስት ዓመት ጽፌያለሁ እኮ። ስድስት ፊልም፣ ሁለት ተከታታይ ድራማ፣ ሌላ ደግሞ ስሜ ሳይገባ "እስቲ ዳያሎጉን አንዴ አስተካክይልን" ተብዬ የነካካኋቸው ምናምን አሉ፣ እነሱን አልቆጥርም። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው አንድም ቢሮ "የጻፍሽውን አምጪና ይቀመጥልሽ" ብሎኝ አያውቅም። መጀመሪያ የተቀበለችኝ ያቺ ልጅ ነች፣ እሷም የተቀበለችኝ መጽሐፉን ነው።

ይሄ ደብዳቤ ወቀሳ አይደለም፣ ቀድሞ ይታወቅልኝ። ከኛ ከስክሪፕት ጸሐፊዎች መሃል "ይሄን አስቀምጡልኝ" ብሎ እናንተ በር ድረስ የሄደ ሰው አላጋጠመኝም፣ እኔም ሄጄ አላውቅም። ጥፋት ካለ የኛ ነው። አሁን ግን ልመጣ ነው፣ ስለዚህ ከመምጣቴ በፊት ነገሩን ከስሩ ላስረዳችሁ ብዬ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

ስክሪፕት፣ ማለት ፊልም ወይም ድራማ ከመቀረጹ በፊት የሚጻፈው ጽሑፍ፣ ምን እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም፣ ዘመዶቼ ራሱ አያውቁም። አክስቴ የመጀመሪያ ፊልሜን አይታ ስትወጣ "ጎሽ የኔ ልጅ፣ ታዲያ አንቺ የትኛዋ ነበርሽ?" ነው ያለችኝ። እትዬ እኔ እኮ የጻፍኩት ነኝ ስላት "እንዴ፣ እነሱ አይደሉም እንዴ የሚያወሩት?" አለች። አልፈርድባትም፣ ፖስተሩ ላይ የአራት ተዋንያን ፊት አለ፣ የኔ ስም ከታች የመኪና ኪራይ ካቀረበው ሰውዬ ስም በላይ በመነጽር የሚነበብ ነው።

ወረቀቱማ ቀረጻ ላይ የሚያየውን አበሳ ብታዩ። ይታጠፋል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ሻይ ይፈስበታል፣ ሜካፕ የምትሰራዋ ልጅ ብሩሿን ትጠርግበታለች፣ ዳይሬክተሩ በእስክሪብቶ ግማሹን ሲን (ትዕይንት) ሰርዞ ጎኑ ላይ ሌላ ይጽፋል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የምሳ ሂሳብ ይሰላበታል (አስራ ሁለት ሰው፣ ሰባቱ ጾመኛ)። የመጨረሻው ሾት አልቆ ሰው ሁሉ ሲሳሳምና ፎቶ ሲነሳ ወረቀቱ የተከራየነው ግቢ ውስጥ ይቀራል። አንዴ በነጋታው ልሰበስብ ተመልሼ ስሄድ የቤቱ ሰራተኛ ከሰል አያይዛበት አገኘኋት። ምን ትላላችሁ፣ በደንብ ነው የተያያዘው።

ሶፍት ኮፒው አለ አይደል ትሉኝ ይሆናል። ኧረ እሱማ ሌላ ጉድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊልሞች የጻፍኩት በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ነው፣ ያኔ የማውቀው ሰው ሁሉ በሱ ነበር የሚጽፈው። ባለፈው ዓመት ፋይሉን አዲስ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው የመጣልኝ የላቲን ፊደልና ቅንፍና የዶላር ምልክት የተደባለቀበት ነገር ነው፣ ምክንያቱም የዛን ጊዜው ፎንት የኛን ሆሄ የሚያስቀምጠው በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ነበር፣ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቦታ የሚሰጠው የኮምፒውተር ስርዓት) ገና አልተለመደም፣ ስለዚህ ፎንቱ ከሌለ አማርኛውም የለም። ዘጠና ገጽ ሙሉ። እናትየው ልጇን የምትረግምበት አንዲት ሲን ነበረች፣ ሦስት ሌሊት የፈጀችብኝ፣ አሁን ስከፍታት እኔን ራሴን የምትረግመኝ ነው የሚመስለው።

ፊልሞቹስ? አንዱ በቪሲዲ ወጥቶ ነበር፣ የኔ ኮፒ ተጭሮ አይከፍትም። ሌላው ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ማን እንደጫነው አላውቅም፣ መሃሉ ላይ አንድ አስር ደቂቃ ተቆርጦ ሰዎቹ ሳይጣሉ ነው የሚታረቁት፣ ኮሜንት ላይ ደግሞ "ደራሲው ምን ነክቶት ነው" ይላሉ። ደራሲው።

ወደ ልብ ወለድ የሄድኩት ግን ጽሑፌ ይቀመጥልኝ ብዬ አይደለም፣ እውነቱን ላውራ። በዝናብ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ስክሪፕት ላይ ክረምት ጽፌ ነበር። ሐምሌ ነው፣ አባትየው ከስንት ዓመት በኋላ ቤቱ ተመልሷል፣ ልጅቷ አታናግረውም፣ ከዛ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርድና አንዱ የሚለውን ሌላው አይሰማም፣ ለመሰማማት መጮህ አለባቸው፣ ስለዚህ ይቅርታ የሚባባሉት እየተጯጯሁ ነው፣ ከውጪ የሚሰማ ጎረቤት ቢኖር የተጣሉ ነው የሚመስለው። የፊልሙ ነገር ሁሉ እዛች ላይ ነበረች። ፕሮዲውሰሩ (ደግ ሰው ነው፣ ስሙን አልጠራም) አንብቦ "በጣም ነው የወደድኩት፣ ዝናቡ ግን ይቅር" አለኝ። የውሃ ቦቴ፣ የጄኔሬተር ኪራይ፣ ድምፁ ደግሞ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ እንደገና መቀዳት አለበት፣ አንድ በአንድ ቆጥሮ አሳየኝ፣ ልክ ነው፣ ሂሳቡ ላይ የምለው የለኝም። ዝናቡ ቀረ። ዝናቡ ሲቀር ጩኸቱ ቀረ፣ ጩኸቱ ሲቀር ይቅርታው ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ሆነ፣ ሶፋው ደግሞ የስፖንሰር ነው፣ ስለዚህ ካሜራው መጀመሪያ ሶፋውን በደንብ አሳይቶ ነው ወደ አባትየው የሚሄደው። ፊልሙ ሲመረቅ አዳራሹ ውስጥ ሰው አለቀሰ። እኔ ሶፋውን እያየሁ ነበር።

መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ሲኒማ ቤቱ ተዘጋ፣ የጀመርነው ቀረጻም ቆመ፣ ቤት ዋልን። አንድ ቀን ያንን ስክሪፕት አውጥቼ ሶፋውን ሰረዝኩትና ዝናቡን ጻፍኩት። ዝናቡን ብቻ። አስራ አንድ ገጽ ሆነ። ማንም ቦቴ አልጠየቀኝም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ስክሪፕት ሁሌም አሁን ነው፣ "አልማዝ ትገባለች። ቦርሳዋን ትወረውራለች። በመስኮት ታያለች።" የሚታይና የሚሰማ ብቻ ነው የሚጻፈው፣ አልማዝ በሆዷ ምን እንዳለች አይጻፍም፣ ካሜራ ሆድ ውስጥ አይገባም። እንዲህ እየጻፍኩ አስራ አምስት ዓመት ኖሬ ልብ ወለዱም የመጀመሪያ ሦስት ምዕራፍ "ትገባለች ትወጣለች" ሆኖ ቁጭ አለላችሁ። ያነበበልኝ ጓደኛዬ "ይሄኮ ለካሜራማን የተሰጠ ትዕዛዝ ነው" አለኝ። ከዛ "ገባች" ብዬ ለመጻፍ ስታገል፣ ገባች፣ ገብታለች፣ ገብታ ነበር፣ ትገባ ነበር፣ በነዚህ መሃል ያለውን ርቀት አርባ ዓመቴን ይዤ እንደ አዲስ ተማሪ ተማርኩት። ለምሳሌ "ትገባ ነበር" ውስጥ የስንት ዓመት ማታ አለ፣ ያው እሷው በዛው በር ያንኑ ቦርሳ ይዛ፣ ይሄን በፊልም ላሳይ ብትሉ ተዋናይዋ ሰባቴ ልብስ መቀየር አለባት፣ መጽሐፍ ላይ ሁለት ቃል ነው። ከዚች ከ"ነበር" ጋ ፍቅር ይዞኝ ሁለተኛው ረቂቅ ደግሞ ነበር ብቻ ሆኖ ነበር፣ እሱን ለማጽዳት ሌላ አንድ ዓመት።

የገጽ ነገርም አለ። ስንማር አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ተብለናል፣ ግን ያ ሂሳብ የተሰራው ለፈረንጅ ፊደል ነው፣ የኛ አንዷ ሆሄ ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ይዛ ስለምትሄድ ገጹ ላይ የሚገባው ወሬ ይበዛል፣ የኔ ሰማንያ ገጽ ከሁለት ሰዓት አልፎ የኤዲተሩን ጸጉር አስነጭቷል። እና ከዛ በኋላ በእጄ ሰዓት ይዤ ዳያሎጉን እያወራሁ ነበር የምለካው። ልብ ወለድ ላይ የሚለካ የለም፣ ይሄ ነፃነት መስሏችሁ እንዳትቀኑ፣ እኔ ስድስት ወር ፈርቼ ቁጭ ብያለሁ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የተዋናይ አለመኖር ነው። ስክሪፕት ላይ "እሺ" ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ጥሩ ተዋናይ ካገኘሽ ያቺ እሺ ስድብ ትሆናለች፣ እጅ መስጠት ትሆናለች፣ አንዳንዴም ምርቃት ትሆናለች፣ አንቺ ያላሰብሽውን ሁሉ ትሆናለች ከዛ ሰው "አቤት አጻጻፍ" ይልሻል። መጽሐፍ ላይ እሺ እሺ ናት። ልጅ ሆኜ እናቴ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ "ከመጻሕፍት ዓለም" ላይ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ ሽንኩርት እየላጠች ስታለቅስ፣ የሽንኩርቱ ነው የመጽሐፉ ነው ብዬ እጠይቃት ነበር። ስጽፍ የረዳኝ እሱ ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወጋየሁ ቢያነበው የት ጋ ይተነፍሳል እያልኩ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፣ ሲከብደው ይሰማኛል፣ እቆርጠዋለሁ። ጎረቤቶቼ ብቻዋን ማውራት ጀመረች ብለው ለባለቤቴ ነግረውታል።

አሁን ወደናንተ ጉዳይ ልምጣ።

አንደኛው ስክሪፕቴ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ነው የሚካሄደው፣ ፒያሳ። ስጽፈው ሁለት ወር እየተመላለስኩ ግቢውን አይቻለሁ፣ ስክሪፕቱ ላይ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ቧንቧው ጋ ጀሪካን በምን ተራ እንደሚሰለፍ፣ የማን ማዕድ ቤት ጭስ የማን ልብስ ላይ እንደሚሄድ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ፀሐይ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደምትደርስ ሁሉ አለ፣ ዳይሬክተሩ "ይሄ ሁሉ ለምንድነው፣ ውስጥ ግቢ ቀን ብለሽ አትጽፊም" ብሎ ስቆብኛል። ከዛ ሎኬሽን አልተመቸም ተባለና ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀረጸ፣ ግቢዋ አንድ ፍሬም እንኳን ፊልሙ ላይ የለችም። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። መፍረሱ ይገባል አይገባም የሚለው የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም። ግን ያቺ ግቢ አሁን ያለችው እዛች ወረቀት ላይ ነው፣ ፊልሙ ላይ የለችም፣ መሬቱም ላይ የለችም፣ የወረቀቱ አንድ ኮፒ ደግሞ ያለው የኔ ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው፣ ከብርድ ልብሱ ስር። የኔ ቤት ደግሞ ጣሪያው ያፈሳል።

ስንቱ ቁም ሳጥን አናት ላይ ምን እንዳለ አስቡት። ቲያትሮቻችን እኮ ሁሉም እንዲህ አልሆኑም። የመንግስቱ ለማ ያላቻ ጋብቻ ታትሟል፣ የጸጋዬ ተውኔቶች ታትመዋል፣ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ፋቡላ እንኳን መቶ ዓመት አልፎት ዛሬ ፈልጎ የሚያነበው ሰው ያገኘዋል። የታተመለት ቲያትር ጸሐፊ ስራው ከመድረክ ቢወርድም ቃሉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የፊልሙ ጎራ ግን የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን "ሂሩት አባቷ ማነው?" ከታየበት ከ1957 ጀምሮ ስንት ዓመት ነው፣ ስክሪፕቱን ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ ያለኝ ሰው ከኛ ትውልድ አንድም አላገኘሁም፣ ስለሱ የሚያወራ ግን ሞልቷል። አሁን ስክሪፕት የሚማሩ ልጆች የሚያነቡት የሆሊውድ ስክሪፕት በፒዲኤፍ አውርደው ነው፣ አማርኛ ዳያሎግ እንዴት እንደሚጻፍ፣ አንቱታው በአንድ ሲን መሃል ወደ አንተ ሲቀየር ምን እንደሚፈጠር፣ ሰው ሲሰደብ በቀጥታ እንዴት እንደማይሰደብ፣ ይሄን ከሆሊውድ ይማሩታል?

ታዲያ አንዳንዱ ሰው ስክሪፕት የታተመ ነገር አይደለም፣ ወመዘክር የሚቀበለው የታተመ ነው ይለኛል። እኔ ደግሞ ስማችሁን አንብቡት እላቸዋለሁ፣ ሁለት ቤት ነው ያለው፣ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት። ለሁለተኛው ካልሆንኩ ለመጀመሪያው እሆናለሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም የትውስታ መዝገብ (ሜሞሪ ኦፍ ዘ ወርልድ) ካሰፈረላችሁ ቅርሶች ውስጥ የነገሥታት ደብዳቤ አለበት፣ ደብዳቤ ደግሞ ማተሚያ ቤት አልገባም፣ አንድ ሰው ለአንድ ሰው የጻፈው ነው። ራሴን ከንጉሥ ጋ እያወዳደርኩ አይደለም ደግሞ፣ ወረቀቱን ከወረቀቱ ጋ ነው።

አእምሯዊ ንብረት አስመዝግቢ የሚለኝም አለ። አስመዝግቤያለሁ። እሱ ሌላ ስራ ነው፣ በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 መብቴ እንዲጠበቅ ነው፣ ሌባ ሲመጣ የምከራከርበት ነው። እኔ አሁን የምፈልገው ሌባ ሳይሆን አንባቢ እንዲመጣ ነው፣ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ አንድ ተማሪ።

የምጠይቃችሁም ብዙ አይደለም። ስክሪፕት የሚቀመጥበት አንድ መደርደሪያ። የሬዲዮ ድራማውም፣ የቴሌቪዥን ተከታታዩም፣ የፊልሙም አንድ ላይ ይሁን፣ ችግር የለም። ስትቀበሉን ደግሞ ንጹሁን ብቻ አምጡ አትበሉን፣ እንዲያውም ቀረጻ ላይ የዋለውን፣ የተሰረዘበትን፣ ሻይ የፈሰሰበትን ውሰዱ፣ ዳይሬክተሩ ምን እንደቆረጠና ተዋናዩ ምን እንደጨመረ የሚታየው እዛ ላይ ነው፣ የምሳው ሂሳብም አይጠላም። የመብት ጉዳይ ያለበትን፣ ፕሮዲውሰሩ ያልፈቀደውን፣ እዛው ተቀምጦ ብቻ ይነበብ፣ ፎቶ አይነሳ በሉ፣ ደስ ይለናል። እና ከቻላችሁ ያንን የድሮ ፎንት ወደ አማርኛ የሚመልስ አንድ ኮምፒውተር የሚችል ልጅ መድቡልን፣ ሻዩን እኛ እንጋብዘዋለን፣ በርግጠኝነት የምነግራችሁ በሩ ላይ ሰልፍ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ የተበላሸች ፍላሽ ይዞ።

ባልደረቦቼ፣ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ ልብ ወለድ ጻፉ እያልኳችሁ አይደለም። የኔን ልብ ወለድ ራሴ ብር ተበድሬ ነው ያሳተምኩት፣ የወረቀት ዋጋ በተዋዋልንበትና በታተመበት ቀን መሃል ሁለቴ ጨመረ፣ አከፋፋዩ ፐርሰንቱን ወሰደ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቴሌግራም ላይ በነፃ ተለቀቀ፣ የለቀቀው ልጅ ከስሩ "ምርጥ መጽሐፍ፣ ሼር አድርጉ" ብሎ ጽፎበታል፣ አመስግኜው ልበሳጭ ግራ ገባኝ። አሁንም ስክሪፕት እጽፋለሁ፣ ስልክ ሲደወልልኝ ልቤ ይዘላል፣ ሰው ሰብስቦ ሌሊት ሙሉ የሚሰራው ስራ ናፍቆኛል፣ ልብ ወለድ ብቸኛ ነው። ብቻ ቁም ሳጥናችሁን አውርዱና እዩት ነው የምላችሁ። አይጥ እንዳይቀድማችሁ።

እንግዲህ ወመዘክሮች፣ እኔ የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ይዤ የምመጣው አራት ስክሪፕት ነው፣ ሦስቱ ተጠርዘዋል፣ አንዱ በላስቲክ የታሰረ ነው፣ የዶሮ ማነቂያው እሱ ነው፣ ገጽ 34 የለውም፣ ቀረጻ ላይ ነው የጠፋው፣ እሱን በእጄ ጽፌ ለመተካት እየሞከርኩ ነው ግን ልክ እንደድሮው አልመጣልኝም፣ ስለዚህ ባዶ ወረቀት አስገብቼበታለሁ። በሩ ላይ ጥበቃው "ምንድነው የያዝሽው?" ካለኝ ስክሪፕት ነው ብለው ይገባው እንደሆነ እንጃ፣ ያቺ መጽሐፌን የተቀበለችኝ ልጅ ካለች እሷን ጥሩልኝ እለዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የስድስት ፊልምና የአንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ
አዲስ አበባ